መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት፦ የቤታችንን ፕላን ስናወጣ ምን እናስቀድም?



አብዛኞቻችን ቤት የምንሠራው በዕድሜያችን አንዴ ነው። ለዚያ አንድ ቤት ለዓመታት እንቆጥባለን፣ ዕቁብ እንጥላለን፣ ወርቅ እንሸጣለን፤ ዐረብ አገር ያለች እህታችን ደመወዟን ሳትበላ ትልካለች። መሬቱ ተገኝቶ ገንዘቡ ከተሰባሰበ በኋላ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ሠላሳና አርባ ዓመት እንዴት እንደምንኖር የሚወስነውን ፕላን በአንድ ምሽት እንጨርሰዋለን። ጎረቤት የሠራውን አይተን «እንደሱ ይሁን» እንላለን፤ ወይም በስልክ የተላከልንን ፎቶ ለመሐንዲሱ እናሳያለን።

ቀለሙን ካልወደድነው ዳግም ይቀባል። መጋረጃም ወንበርም ይቀየራል። መሠረት ከተጣለ፣ ኮለን ከቆመና ሶሌታ ከተሞላ በኋላ ግን ደረጃውን ማዞር፣ የመጸዳጃውን ቧንቧ ማንሳት፣ ለአረጋዊት እናታችን ግራውንድ ላይ ክፍል መፈለግ ወይ አይቻልም፣ ወይ ብዙ ገንዘብ ይበላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንለው አንድ ነገር ነው። ፕላኑ በቤቱ ውስጥ ከሚኖሩት ሰዎች ውሎና አላህ (ሱ.ወ) ከጣለባቸው ግዴታ ይነሳ። የእንግዳውና የመንገደኛው ዓይን ከዚያ በኋላ ይመጣል። በኋላ ሊቀየር የማይችለው ነገር ደግሞ ሊቀየር ከሚችለው በፊት ይወሰን።

ቤት ለምን ይሠራል?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነሕል 80ኛው አንቀጽ ከጸጋዎቹ ሲዘረዝር ቤቶቻችንን የመርጊያ ስፍራ እንዳደረገልን ይነግረናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰፊ ቤትን ከደስታ ምክንያቶች አንዱ አድርገው መቁጠራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ ሰፋ ያለ ቤት መመኘት ነውር አይደለም። ሆኖም ስፋት የሚለካው በካሬ ሜትር ብቻ አይደለም። መቶ ካሬ ቤት ውስጥ እናት ልብሷን የምትቀይርበት ጥግ ሊጠፋ ይችላል፤ ስድሳ ካሬ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉም የየራሱ ማረፊያ ሊኖረው ይችላል። ልዩነቱ ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንያዝ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው፤ የባልየው እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ። ሰባት ሰው ማለት ነው። መሬታቸው 10 በ20፣ ማለትም 200 ካሬ ነው። ከፊት 4 ሜትር ተኩል ግቢ፣ ከአንድ ጎን 2 ሜትር መተላለፊያ፣ ከኋላ 4 ሜትር ለሰርቪስ ቤት ቢተዉና የከተማው ደንብ በሌላው ጎን ወሰን ላይ እንዲያርፉ ቢፈቅድላቸው፣ ለዋናው ቤት 8 በ11 ሜትር ተኩል፣ ማለትም 92 ካሬ ይቀራቸዋል። ከዚህ ላይ ግድግዳው ሲቀነስ እግር የሚረግጠው ወለል ወደ 80 ካሬ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህን 80 ካሬ ለማን እናከፋፍለው? የሚል ነው።

ሳሎኑ በዓመት ስንት ቀን ይሞላል?

በእኛ ዘንድ ፕላን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከሳሎን ነው። በምሳሌያችን ሳሎኑ 5 በ7 ይሁን ቢባል 35 ካሬ ይወስዳል። ይህ ከሚረገጠው ወለል ከ40 በመቶ በላይ ነው። ሰባት ሰው የሚተኛው፣ የሚታጠበውና የሚያበስለው በቀሪው 45 ካሬ ይሆናል። አራቱ ልጆች አንድ ክፍል ይታጨቃሉ፤ እናትየው ሳሎን ፍራሽ ይነጠፍላቸዋል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የሚነሱት እሳቸው ናቸው።

እንግዳን ማክበር ከዲናችን ነው፤ ይህን ማንም አያቃልለውም። ግን እስኪ ቀኖቹን እንቁጠር። ሁለቱ ዒዶች አሉ። በረመዳን ለኢፍጣር ሰው የምንጠራባቸው ጥቂት ምሽቶች አሉ። ዘመድ ከገጠር የሚመጣበት፣ አቂቃ የሚታረድበት ቀን አለ። ኒካሕና ሐዘን ሲመጣ ግን የቱንም ያህል ሰፊ ሳሎን አይበቃም፤ ግቢ ውስጥ ድንኳን ይጣላል። በምሳሌያችን ከፊት የተረፈው ግቢ 4 ሜትር ተኩል በ10፣ ማለትም 45 ካሬ ነው። ለብዙ ሰው የሚሆነውን ቦታ ግቢው ከያዘልን ሳሎኑ ለየዕለቱ ኑሮ በሚበቃ ልክ ሊሠራ ይችላል።

ሳሎኑን 4 በ5፣ ማለትም 20 ካሬ እናድርገው። ከዚያ ለእናትየው 3 በ3 ሜትር ተኩል ክፍል ይወጣል። ባልና ሚስቱ 3 ሜትር ተኩል በ3 ሜትር ተኩል ይይዛሉ። ለወንዶቹ አንድ፣ ለሴቶቹ አንድ፣ እያንዳንዱ 3 በ3 የሆነ ክፍል ይደርሳል። 7 ካሬ ተኩል ለኩሽና፣ ወደ 4 ካሬ ለመታጠቢያና መጸዳጃ፣ 2 ካሬ ተኩል ለውዱእ ቦታና ለእንግዳ መጸዳጃ፣ 5 ካሬ ተኩል ለኮሪደር ይተርፋል። ሲደመር ያው 80 ካሬ ነው። ከሳሎኑ የተነሳው 15 ካሬ ለእናትየው ክፍል ሰጣቸው፤ ወንዶቹንና ሴቶቹንም ለያየ።

በርና ዕይታ

በሱረቱ አን-ኑር 27ኛውና 28ኛው አንቀጾች ወደ ሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ መግባት ተከልክሏል። በዚያው ሱራ 58ኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ በቤት ውስጥ ያሉ ልጆች ሳይቀሩ በሦስት ጊዜያት እንዲያስፈቅዱ ታዟል። እነሱም ከሱብሒ ሰላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻእ ሰላት በኋላ ናቸው። ይህ የአደብ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ፕላኑ ካልረዳው አደቡን መጠበቅ ይከብዳል። በሩ ሲከፈት የውስጥ ኮሪደሩና የመኝታ ቤቱ በር ቁልጭ ብሎ የሚታይ ከሆነ፣ አስፈቅዶ የመጣውም ሰው ሳያስበው የቤቱን ምስጢር ያያል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከዋናው በር ፊት ለፊት ባዶ ግድግዳ እንዲገጥም ማድረግ፣ ወይም የሳሎኑን በር በአንድ ሜትር ያህል ወደ ጎን መግፋት ይበቃል። በፕላን ወረቀት ላይ ከበሩ መሐል ተነስተን በማስመሪያ ቀጥታ መስመር እንስብ። መስመሩ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ወይም ኩሽና ውስጥ ከገባ በሩ ይዛወር።

ይህ ከውጭ የመጣ አስተሳሰብ አይደለም። የሐረር ጀጎል ነባር ቤቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከመንገዱ የሚታየው የግንብ አጥር ነው፤ ቤቱ የሚከፈተው ወደ ግቢው ነው። ዋናው ክፍል ውስጥ ደግሞ ከፍታቸው የሚለያይ አምስት ነደባ የሚባሉ መቀመጫ መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በእነሱ ይለያል። አንድ ክፍል ለስንት አገልግሎት ሊውል እንደሚችል አባቶቻችን ያሳዩን በዚህ ነው። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከተማዋን ልዩ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ይኸው የቤት አሠራሯ ነበር።

ዕይታ ሲባል የጎረቤትም ሐቅ አለበት። ፎቅ የምንሠራ ከሆነ መስኮታችን የሰው ጓሮ ላይ ያፈጥጣል ወይ? ብለን እንጠይቅ። ብርሃን ብቻ ከፈለግን የመስኮቱን ደፍ ከወለሉ 1 ሜትር ከ70 ያህል ከፍ ማድረግ ብርሃኑን ያስገባል፤ ዓይንን ግን ይመልሳል።

ማን የት ይተኛል?

ልጆች ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በሰላት እንዲታዘዙ፣ አሥር ሲሞላቸው ደግሞ መኝታቸው እንዲለያይ አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስ ያስተምራል። ቤቱን ስንጀምር ትልቁ ልጃችን አራት ዓመቱ ሊሆን ይችላል። ቤቱ አልቆ እስኪገባበት ሦስትና አራት ዓመት ከፈጀ ግን ሰዓቱ ተቃርቧል ማለት ነው። ስለዚህ ክፍሎችን የምንቆጥረው ልጆቹ ዛሬ ባላቸው ዕድሜ ሳይሆን ከአሥር ዓመት በኋላ በሚኖራቸው ዕድሜ ይሁን።

አረጋውያን ወላጆች ግራውንድ ላይ ይሁኑ። ዛሬ ደረጃ የሚወጡ እናት ነገ ጉልበታቸው ይዝላል። ክፍላቸው ከመጸዳጃው የራቀ ከሆነ ሌሊት ለተሀጁድና ለሱብሒ ሲነሱ ለመውደቅ ይጋለጣሉ። በራቸው ቢያንስ 90 ሳንቲሜትር ይሁን፤ ተሽከርካሪ ወንበር ቢያስፈልግ ያሳልፋል። ከክፍላቸው እስከ መታጠቢያው ባለው መንገድ ላይ ከፍና ዝቅ ያለ ደፍ አይኑር። ይህን ሁሉ ፕላን ላይ ማስተካከል ወጪው ኢምንት ነው፤ ከተሠራ በኋላ ግን ግድግዳ ያስፈርሳል። ለወላጅ በጎ መዋል በቃል ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ በበር ስፋትም ይገለጻል።

የባል ወንድም ወይም የአጎት ልጅ አብሮ የሚኖርባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የባል ዘመዶች ከሚስት ጋር ለብቻ ስለመገናኘታቸው አጥብቀው ማስጠንቀቃቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እንዲህ ያለ ወንድም ያለበት ቤት ውስጥ ወደ መታጠቢያ የሚወስደው መንገድ በኩሽና ወይም በመኝታ ቤት በር ላይ የሚያልፍ ከሆነ፣ የቤቱ እመቤት በገዛ ቤቷ ከጠዋት እስከ ማታ ሒጃቧን ሳታወልቅ ትውላለች። የእሱ ክፍል ከጎን መተላለፊያው በኩል የራሱ በር ቢኖረው፣ ወይም ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ከነመጸዳጃው ቢሠራ ለሁሉም እፎይታ ነው።

የቤት ሠራተኛም ካለች መኝታዋ ፕላኑ ላይ ይታይ። ዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ኩሽና ውስጥ ወይም ኮሪደር ላይ እንደሚተኙ ሲነግሩን ያመናል። እኛ ቤት የምትሠራዋ ልጅም የሰው ልጅ ናት፤ መስኮት ያለውና ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ይገባታል።

ቂብላ፣ ውዱእና መጸዳጃ

ዒትባን ኢብኑ ማሊክ የተባሉት ሶሓባ ዓይናቸው ሲደክም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው መጥተው እንዲሰግዱላቸውና ያንን ቦታ መስገጃ እንዲያደርጉት መለመናቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ቤት ውስጥ የታወቀ የመስገጃ ቦታ መኖሩ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም። የግድ ለብቻው ክፍል አይፈልግም፤ ልክ ግን ይፈልጋል። አንድ መስገጃ ወደ 70 ሳንቲሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከ20 ያህል ርዝመት ይዞ ይነጠፋል። አባት ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላው፣ ሴቶቹ ሦስተኛ ሰፍ ላይ ቢቆሙ ወደ ቂብላ አቅጣጫ 3 ሜትር ከ60 ያስፈልጋል። የምሳሌያችን ሳሎን አጭሩ ጎኑ 4 ሜትር ስለሆነ ይበቃል፤ የከበደ ሶፋ መሐል ላይ ካልተጎለተ ማለት ነው።

አቅጣጫውስ? አገራችን ለመካ ከሞላ ጎደል በደቡብ በኩል ናት። ከአዲስ አበባ ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘነብላል። ከደሴ ቀጥታ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ከጅማ ወደ ምሥራቅ 11 ወይም 12 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፤ ከሐረር ደግሞ ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። መለኪያው የሚወሰደው መሬቱ ባዶ ሳለ ነው። ፌሮ ከተደረደረ በኋላ ብረቱ ኮምፓስንም የስልክንም መለኪያ ያሳስታል። መሬታችን ወደ ሰሜን የተቃና ከሆነ ሰፉ ከግድግዳው ጋር ይገጥማል። መሬቱ ዘወር ያለ ከሆነ ግን መስገጃው ክፍሉን አቋርጦ በሰያፍ ይነጠፋል፤ ያኔ ለመስገጃ ከታሰበው በላይ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል።

መጸዳጃውን በሚመለከት፣ ለመጸዳዳት ስንቀመጥ ፊታችንንም ጀርባችንንም ወደ ቂብላ እንዳናደርግ የሚከለክለው የአቡ አዩብ አል-አንሷሪ ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። ክልከላው በግድግዳ የተከለለ ቤት ውስጥ ይሠራል ወይስ አይሠራም በሚለው ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። መቀመጫውን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ካዞርነው ግን ከልዩነቱ እንወጣለን። ወጪ አይጨምርም፤ ከባድ የሚሆነው የፍሳሽ ቧንቧው ወለል ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን ለመሐንዲሱም ለቧንቧ ሠራተኛውም አስቀድመን እንንገር። ብዙዎቹ ካልተነገራቸው የሚያስቀምጡት ለቧንቧው በሚቀርበው በኩል ነው።

የውዱእ ቦታ ከመጸዳጃው ውጭ ቢሆን ይመረጣል። የእጅ መታጠቢያ ሳህን ላይ እግሩን የሚያነሳ ሽማግሌ ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል። ዝቅ ያለ ቧንቧ፣ 40 ወይም 45 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው መቀመጫና ውሃው የሚወርድበት ትንሽ ተዳፋት ይበቃል። አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞቻችን ይህን ማስታወስ ያሻል። ጣሪያ ላይ ታንከር የምናስቀምጥ ከሆነም መሐንዲሱ አስቀድሞ ይወቅ፤ 2000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው፤ ኮለኑና ቢሙ ያንን አስበው መሠራት አለባቸው።

ኩሽናው ግቢ ወይስ ቤት ውስጥ?

እንጀራ የሚጋገርበት፣ በርበሬ የሚታመስበት ኩሽና ከቤት ውጭ ሰርቪስ ላይ እንዲሆን የለመድነው በምክንያት ነው፤ ጭሱና ሽታው ከመኝታ ይርቃል። ግን ረመዳንን እናስብ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ሱሑር ለማሞቅ እናት በዝናብ ግቢውን ታቋርጣለች። መግሪብ ሲቃረብ ሳንቡሳና ሾርባ ይዛ አሥር ጊዜ ትመላለሳለች። ኢፍጣሩ ሲሰናዳ የደከመው ማን እንደሆነ የሚነግረን ይህ መንገድ ነው።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ የለብንም። ትንሽ ኩሽና ከቤት ውስጥ፣ ለምጣዱና ለከባዱ ሥራ ደግሞ ከኋላ ሰርቪሱ ላይ ቦታ ቢኖር፣ ሁለቱም በጓሮ በር ቢገናኙ መንገዱ አጭር ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ ለብቻው የተዘረጋ መስመር ይፈልጋል፤ የምጣዱ ቦታ ፕላኑ ላይ ካልተወሰነ ኤሌክትሪሺያኑ ሊያውቀው አይችልም። ኩሽናው ከጓሮ በኩል በር ካለው ሴቶች ወንድ እንግዳ በተቀመጠበት ሳሎን ሳያልፉ ይገባሉ ይወጣሉ።

ደረጃው ከውስጥ ወይስ ከውጭ?

ዛሬ ግራውንዱን ሠርተን ፎቁን ለነገ የምናቆይ ብዙ ነን። ይህ ብልህነት ነው፤ ሁለት ነገር ግን ከመጀመሪያው ይወሰናል። አንደኛው መሠረቱ ነው፤ ለአንድ ወለል የተቆፈረ መሠረት በኋላ ሁለተኛውን አይሸከምም። ሁለተኛው ደረጃው ነው። የወለል ከፍታው 3 ሜትር ከሆነ 17 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ ያላቸው 18 እርከኖች ያስፈልጋሉ። ይህ ከማረፊያው ጋር ከ8 እስከ 10 ካሬ ሊይዝ ይችላል።

ደረጃው ከውስጥ ከሆነ ቤተሰቡ አንድ ሆኖ ይኖራል፤ ልጆች ሌሊት ወደ እናታቸው ሲወርዱ ውጭ አይወጡም። ከውጭ ከሆነ ግን የሚያገባው ልጅ ከነሚስቱ የራሱ በር ይኖረዋል። ችግር ቢመጣ ፎቁ ይከራያል፤ የቤተሰቡ ገመናም አይነካም። ሌላም አለ። አባት ሲሞት ቤቱ በፈራኢድ ሕግ ለወራሾች ይከፈላል። በአንድ በር ብቻ የሚገባበት ቤት ሳይሸጥ አይከፈልም። ሁለት መግቢያ ያለው ቤት ግን ወራሾቹ ከተስማሙ እናታቸውን ሳያፈናቅሉ ሊካፈሉት ይችላሉ። በምሳሌያችን ላሉት ቤተሰቦች፣ የ80 ካሬው አከፋፈል እንዳይናጋ፣ ደረጃው ከኋላ በኩል ከውጭ ቢወጣ እንመርጣለን።

ገንዘቡን የላከችው እህት ክፍል አላት?

በየከተማው ዐረብ አገር በሄዱ እህቶች ላብ የተሠሩ ቤቶች አሉ። ፕላኑ በስልክ ይላካል፤ አንዳንዴም ከዚያው አገር የታየ ቪላ ነው፤ ለወንዶች ለብቻው መግቢያና መጸዳጃ ያለው መጅሊስ ይኖረዋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ሰፊ መሬት ላይ የተሠራውን 200 ካሬ ላይ ማምጣት የመኝታ ክፍሎችን ይበላል። ዓላማው ወንድና ሴት እንግዶችን መለየት ከሆነ፣ የሳሎኑ በር ለብቻው ወደ ግቢ ቢከፈትና የእንግዳ መጸዳጃው አጠገቡ ቢሆን ያንኑ ጥቅም በትንሽ ወለል እናገኛለን።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ላኪዋ እህት ስትመለስ የምትገባበት ክፍል ፕላኑ ላይ አለ? ካርታው በማን ስም ነው? የላከችው ገንዘብ ሂባ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ሽርክና? ከአሥር ዓመት በኋላ መጥታ የወንድሟ ሚስት ቤት እንግዳ የምትሆን ከሆነ ያ ቤት በረካ ያጣል። አላህ (ሱ.ወ) ብድርን በጽሑፍ እንድናሰፍር በሱረቱ አል-በቀራ 282ኛው አንቀጽ አዞናል። ምስክር ባለበት ዛሬ መጻፍ ነገ ዝምድና ከመቁረጥ ያድናል።

ወለዱ የሚገባው በየት ነው?

ወለድ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የምንወድቅበት ግን ፕላኑ ከአቅማችን ሲበልጥ ነው። ግንባታው ጣሪያ ሳይለብስ ይቆማል፤ ክረምት ይመጣል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ «ያልቃል እንጂ ምን ይደረጋል» ብለን ወደ ብድር እንሄዳለን። ስለዚህ የወለድን በር የምንዘጋው ፕላኑ ላይ ነው። ከሳሎኑ የቀነስነውን 15 ካሬ እናስታውስ። ለክፍሎቹ ካላስፈለገን ጭራሽ ባንሠራውስ? በአካባቢያችን አንድ ካሬ ለማስጨረስ የሚጠየቀውን ዋጋ በ15 እናባዛው፤ ያ ገንዘብ ግንባታውን ሳያስቆም ያስጨርስ እንደሆነ እንመልከት።

ከዚያም በኋላ ገንዘብ ካጠረ ሐላል መንገዱን እንፈልግ። እንደ ዘምዘም ባንክና ሒጅራ ባንክ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች፣ እንዲሁም በሌሎች ባንኮች ያሉ ከወለድ ነጻ አገልግሎቶች አሉ። በሙራበሃ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉ ታውቆ፣ በረዥም ጊዜ ክፍያ ይሸጥልናል። ውሉን ከመፈረም በፊት አንብበን ያልገባንን እንጠይቅ። ደረጃ በደረጃ መሥራትም ነውር የለውም፤ ዛሬ በሁለት ክፍል ገብቶ መኖር ከተቻለ ፕላኑ ለቀሪው ቦታ ይዞ ይጠብቃል።

በኖራ እንሞክረው

በመጨረሻ ገንዘብ የማይፈጅ አንድ ፈተና እንጠቁም። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ፕላኑን መሬቱ ላይ በገመድና በኖራ በልኩ እናስምረው። በሮቹን ክፍት እንተዋቸው። ከዚያ ቤተሰቡን በሙሉ እንውሰድ፤ እናትም ልጆችም ሚስትም ይምጡ። ፕላን የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ወንዶች ናቸው፤ ቤቱ ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚውሉት ግን ሴቶች ናቸው።

ከዚያ አንድ ቀን እንኑርበት። ሱብሒ ነው፤ እናት ከመኝታቸው ተነስተው ውዱእ ወዳለበት ስንት እርምጃ ይሄዳሉ? ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሲዘጋጁ መታጠቢያው በር ላይ ስንት ሰው ይቆማል? ዙህር ላይ ወንድ እንግዳ መጣ፤ የቤቱ እመቤት ከኩሽና ወደ መኝታ ቤት ሳትታይ ታልፋለች? መግሪብ ደረሰ፤ ሦስቱ ሰፎች ይቆማሉ? ከዒሻእ በኋላ ሁሉም በሩን ሲዘጋ የሚያርፍበት አለው? አንዱ ጥያቄ ካልተመለሰ ኖራውን በእግር አጥፍቶ እንደገና ማስመር ነው። ያ ሥራ ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው።

የተስማማንበትን ፈቃድ ባለው ባለሙያ እናስነድፈው፤ የግንባታ ፈቃድም እናውጣበት። መሐንዲሱ ጋር ስንሄድ የቤት ፎቶ ብቻ ይዘን አንሂድ። የሰዎቹን ዝርዝር፣ ዕድሜያቸውንና ቀናቸውን እንንገረው። የቀረውን እሱ ያውቅበታል።

አላህ (ሱ.ወ) የምንሠራቸውን ቤቶች የሰኪና፣ የሰላትና የዝምድና ቤቶች ያድርግልን። ቤት የሌላቸውን ይወፍቃቸው፤ የጀመሩትን ያስፈጽማቸው። ወላሁ አዕለም።